በሻማ የታሸገ ቡላ

ሰበታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለፈቀደ፣

የጌታ ሰላም ዱባይ ድረስ ይከተልህ። እኔም ልጅህ ጣቢታም ደህና ነን፤ እሷ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ላገኘችው ሁሉ ታሳያለች። በስልክ አላስጨርስ ስለምትለኝ፣ የአክስትህ ልጅ ዳኜ ወደዚያ ሲመለስ ይህን ይዞልህ እንዲመጣ ጻፍኩ።

«ለማሽኑ ስል ሌላ ሁለት ዓመት እፈርማለሁ» ካልከኝ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ማድረቂያ ማሽን፣ የታተመ ማሸጊያ ስትል አራት ዓመት አለፈ፤ አንድ ማንኪያ ቡላ አልሸጥንም። ስለዚህ ሳልነግርህ ጀመርኩት።

እናቴ ከሆሳዕና የላከችውን ቡላ አንሶላ ላይ አስጥቼ አደረቅሁ፣ በወንፊት ነፋሁ፣ ላስቲኩን በሻማ አሸግሁ። በሦስት ቀን አሥር ላስቲክ ወጣው። የአማርኛው አልበቃ ብሎኝ ከጣቢታ ደብተር ፊደል እየቀዳሁ በኦሮምኛው ቁቤም «ቡላ» ብዬ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ኦቦ ኢተፋ የሚባሉ ከተጂ ከተማ የመጡ ሽማግሌ ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? አልጋው በስንት ነው?»

«ኦቦ፣ አልጋ የለንም፤ የገንፎ ቡላ ነው የምንሸጠው።»

«ታዲያ እደሩ ብለሽ የጻፍሽው የት እንድናድር ነው?»

ለካ እኔ እንደጻፍኩት ከሆነ በኦሮምኛ «እደሩ» ማለት ነው! ጎረቤታችን ላሊሴ በሳቅ ልትሞት ነበር። ኦቦ ኢተፋ ግን ልጃቸው አራስ ናትና ሁለት ላስቲክ ገዙ። በሳምንቱ ተመልሰው «ይጓጉላል» ሲሉኝ አፈርኩ። ወንፊቱን ትቼ በስስ ጨርቅ ነፋሁት፤ አሁን አይጓጉልም። ይህን የትኛው ማሽን ይነግረን ነበር?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይፈታ፤ መልሼ እታጠቀዋለሁ። ደመና ሲሆን አይደርቅም፣ አንዳንዱ ላስቲክም ተቃጥሎብኛል። ቢሆንም ሰው እንደሚፈልገው አውቀናል፤ ሦስት አራሶች ድገሚን ብለውኛል። የቀረውን እዚህ ሆነህ አብረን እናስተካክለዋለን።

እውነቱን ልንገርህ፣ ንግድ አምሮኝ አልነበረም የጀመርኩት። ናፍቀኸኛል፤ ማሽኑን ከመሃላችን ላወጣው ብዬ ነው። ጣቢታ «አባቢ ለምን አይመጣም?» ባለች ቁጥር «ማሽን ሊገዛ ነው» እላት ነበር። ከእንግዲህ እንደዚያ ልላት አልችልም። ውሉን ከፈረምክ ምን እንደምላት አንተው ጻፍልኝ።

ጌታ እጅህን ይባርክ፣ መንገድህን ወደ ቤትህ ያቅና።

ሚስትህ ደስታነሽ