ቆሜ አስቀድሳለሁ ብዬ የሞላሁት ፎርም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ ለወይዘሮ የወርቅውሃ፤

እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንዴት ነው? ደም ግፊቱስ በረድ አለልዎ? ደምሴ መድኃኒቱን በሰዓቱ ያቀብልዎታል ወይስ እንደ ልማዱ ይረሳል? ባለቤቴ ዮዲና ልጃችን ሳሌም በጣም ደህና ናቸው። ስለ እኔ በስልክ የነገርኩዎ ግን ውሸት ስለሆነ፣ ለገና ከመምጣትዎ በፊት እውነቱን ልጻፍልዎ ብዬ ተቀመጥኩ። በቃል ልነግርዎ ስሞክር አፌ እምቢ አለኝ።

ኦክላንድ ወደብ የጭነት መኪና መንዳት ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከመኪናው ላይ ወድቄ ወገቤ ተጎዳ፤ ኦፕራሲዮኑም አላዳነኝም። «ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ልደውል» እያልኩ ስልኩን የምዘጋብዎ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው። ቤቱን የያዘችው ዮዲ ናት፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች።

እዚህ አገር ሠርቶ ግብር የከፈለ ሰው ሕመም ከሥራ ሲያስቀረው ሶሻል ሴኩሪቲ ይረዳዋል። ፎርሙን ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ብቻዬን ሞላሁት። ምን ያህል መቆም እንደምችል ሲጠይቀኝ ምን ብዬ ብጽፍ ጥሩ ነው? «እሁድ እሁድ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀድሳለሁ።» እማዬ፣ ከተጎዳሁ ወዲህ የማስቀድሰው ከኋላ ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ነው፤ ሲብስብኝም መኪናዬ ውስጥ ጋደም ብዬ። ግን ያንን መጻፍ በእግዚአብሔር ላይ ማማረር መሰለኝ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እያልኩ ከረምኩ። እሱም ያልኩትን ጻፈ።

ያን ያህል ሰዓት የሚቆም ሰው መሥራት ይችላል ተብሎ ተከለከልኩ። እንደገና ይታይልኝ ስልም ያንኑ ደግሜ ጻፍኩ፤ ቃሌን ብለውጥ ውሸታም እባላለሁ ብዬ። አሁንም ከለከሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ዮዲ ወይዘሮ ሸዋረጋን ጠራቻት፤ ለአገራችን ሰዎች ወረቀት የምትሞላ ሴት ናት። አንብባ ስትጨርስ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ፎርም የሞላኸው ለሶሻል ሴኩሪቲ ነው ለእናትህ?» አለችኝ። ለይግባኝ የሚሰጠው ስልሳ ቀን ሳያልፍ ዳኛ ፊት እንድቀርብ አፒል አደረገችልኝ።

ችሎቱ ዳውንታውን ነበር። ዳኛዋ ጠዋት እንዴት እንደምለብስ ጠየቀችኝ። አስተርጓሚዋ የኛው አገር ልጅ፣ በዕድሜ ሳሌምን የምታክል ናት። ካልሲና ጫማ የምታደርግልኝ ልጄ መሆኗን፣ ስለ ቅዳሴው የጻፍኩትም ሐሰት መሆኑን ለዚያች ልጅ በአማርኛ ነገርኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው ሳምንት ተፈቀደልኝ። ዮዲ እልል አለች። እኔ ግን በአርባ ስምንት ዓመቴ ሥራ የማይችል ተብዬ ስጻፍ አፈርኩ። ይበልጥ ያፈርኩት ደግሞ ለማላውቃት ዳኛ የነገርኩትን ከእርስዎ ሁለት ዓመት መደበቄ ነው።

ለወንድሜ ለደምሴ፣ ለባለቤቱ ለሀረገወይንና ለልጆቻቸው፣ ለአክስቴ ለወለተ ማርያም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እርስዎን ጉልበትዎን ስሜ ልሰናበት ነበር፤ ብዕሬን ያዝ አደረግሁት። ማጎንበስ አልችልም፣ እማዬ። ኤርፖርት ሲደርሱ እንደ ግንድ ቆሜ ቢያገኙኝ ትዕቢት እንዳይመስልዎ። እርስዎ ጠጋ ይበሉና እጅዎን ወደ አፌ ከፍ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ሰረቀብርሃን

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.