ምንም ያላወጣው ቤት

ግንቦት 5 ቀን 2006
ነፋስ ብቻ። የገብሱ ማሳ ገና አልታረሰም። አንድ በሬ የኔ፣ አንድ የጎረቤቴ የወርቄ፤ አቀናጅቶ ለሁለታችንም የሚያርሰው ባሏ ሀብተ ሚካኤል ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሳል ይዞታል። "እንዴት አደረ?" አልኳት። "ጠበል እያጠጣሁት ነው።"  ሌላ አልጠየቅሁም።

ግንቦት 8
ከጎንደር ሊድያ የምትባል ልጅ መጣች። ሰው በዓመት ለሕክምና ምን ያህል እንደሚያወጣ ታጠናለች። ማንበብ ስለምችል ቀበሌዎቹ ቤት ለቤት አዙሪያት አሉኝ።

ከጎረቤታችን ከቻላቸው ቤት ጀመርን። "ወጪ? ለጠላ ነዋ! የኔ ሐኪም እሱ ነው!" ሳቅን። ልጅቱ ዞር ስትል በጆሮዬ፣ "አወጣን ካልን ግብር ይቆልሉብናል፤ እንዳትናገሪ።"

ሁሉም "ምንም" አለ። ወርቄም።
"የታመመ፣ ሳይታከም የቀረ ሰው አለ?"
"ተመስገን፣ ደህና ነን።"
ከመጋረጃው ወዲያ የባሏ ሳል ተሰማ።
"ጉንፋን ነው" አለች።
ልጅቱ ወደ እኔ አየች። አንገቴን ደፋሁ። ዜሮ ጻፈች።

ግንቦት 9
"ዜሮው ምን ይሆናል?" ብዬ ሊድያን ጠየቅኋት። "ይደመራል እማማ። ታማሚ ለሌለበት አገር ሐኪም ማን ይጨምራል?"

ባሌ ማዕረግ የሞተ ዓመት ብትመጣ የኔም ቤት ዜሮ ነበር። "በሬውን እንሽጥና ልታከም" አለኝ። "ዘር ይውጣና" አልኩት። ዘሩ በቀለ... ባሌ አላየውም።

ትናንትስ ለምን ዝም አልኩ? ለወርቄ አዝኜ? አይደለም። ለሕክምናው በሬያቸው ከተሸጠ የኔ ብቻውን ይቀራል። ዛሬም ለበሬ...

ግንቦት 10
ወርቄ ቤት ሄድኩ።
"በሬውን ሽጡት።"
"አብደሻል? አንቺስ በምን ታርሻለሽ?"
"የኔን ተይው።"
"ዘር ይውጣና እንኳ..."
እጇን ያዝኩ። "እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።" 
ከመጋረጃው ወዲያ፣ "ደግሞ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው በሬዬን የምትሸጡት!" ሳሉ አላስጨረሰውም። ሳሉ ሲተወው ቀስ ብሎ... "ቻላቸው ይንዳው።"

ግንቦት 12
በሬው ወደ ዳባት ገበያ፣ ባለቤቱ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ። በአንድ ቁልቁለት ወረዱ።

ግንቦት 13
በሬዬ ጓደኛውን ሲጠራ ዋለ።

ሰኔ 3
ከጎንደር ሆስፒታል ወሬ የለም። መሬቴን ጥንድ በሬ ላለው ለታደለ የእኩል ሰጠሁት። እሱ ያርሳል፣ አዝመራው ግማሽ ለግማሽ። ምን ላድርግ?

ሰኔ 11
ሊድያ ልትሰናበት መጣች። ወርቄ ገና ከሩቅ፣ "ያንን ዜሮ ሰርዢልኝ! በሬ አውጥቻለሁ!"
"እሳቸውስ?"
"ሳንባው ውሃ ይዞ ነበር፣ ቀዱለት። አልተነሳም ገና። ትናንት ግን እህል ቀመሰ ብለው ላኩብኝ።"
ቻላቸው ከኋላ፣ "የኔንም አርሚው። ጠላውን አውጪና የልጄን መርፌ አግቢበት።"
ልጅቱ እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ እማማ? ለሕክምና ምን አወጡ?"
በሬዬ ደጅ ላይ ብቻውን ያመነዥካል።
"ግማሽ አዝመራ።"
"ማን ታሞብዎት?"
"ጎረቤቴ" አልኩ።
ጻፈችው።