የሱምያ ሹሩባና የእሑዱ ጀልባ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። እንዴት ከረምሽልኝ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባዬን ሳሉ ለቀቃቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔማ ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሞተር በመጠገን የሚደርስብኝ ጠፍቷል፤ ሰላህ ቢባል የማያውቅ የለም።

"ሱምያን በእሑዱ ጀልባ ስደዳት" ብለሽ የላክሽው ደርሶኛል። የቁርኣን አስተማሪዋ ኡስታዙ ደውለው እህቴ የያዘችውን እየረሳች መሆኑን ነግረውሻል። ውሸት ነው አልልም። ከቁርኣኑ «ተባረክ» የሚባለውን ምዕራፍ በቃሏ ጨርሳ ነበር፤ አሁን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ትደናቀፋለች። መጀመሪያ ቡዳ ነው አልሁ። ቀጥሎ ኡስታዙ ፊት "ድሮም ዝንጉ ናት" ብዬ አረፍሁት። ለካ ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ ወዲህ የያዝሽውን ቅሪልኝ ስላት "እኔ እኮ ዝንጉ ነኝ" ትለኛለች። እማዬ፣ ይች ቃል አጥንቴ ገባች።

ኡስታዙ ለብቻዬ ጠርተው "ስንት ሰዓት ትተኛለች? ጧት ምን ትበላለች?" አሉኝ። እውነቱን ነገርኋቸው። ቤቱን ኳስ ማሳያ አድርጌው ሰፈሩ ሁሉ ሲጮህ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ጧትም በባዶ ሆዷ ወደ ትምህርቷ ትሮጣለች። "ይህን ይዘህ ነው ልጅቷን ዝንጉ ያልሃት?" አሉኝ።

ቴሌቪዥኑን ለጸጉር ቆራጩ ለክንዱ አሻገርሁት። ጓደኞቼ "ሰላህ ሞግዚት ሆነ" ይላሉ፤ ይበሉ። አሁን ዒሻ ተሰግዶ እንቅልፍ ነው፤ ጧት በሶዋን ሳትጠጣ ከደጅ አትወጣም።

ቤት እንዴት ትይዢ ነበር ብላት "እማዬ ሹሩባ ስትሠራኝ በአንድ ጉንጉን አንድ አንቀጽ" አለችኝ። መረብ ስጠግን ያደግሁ ሰው ጉንጉን ያቅተኛል? ጎነጎንሁት። "ጸጉሬን ዓሣ ልታጠምድበት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ፤ እየሳቀች አሥር አንቀጽ አወረደችው። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። ትናንትም እዚያው ቆመች።

ሐሙስ ኡስታዙ ይሰሟታል። ካቃታት ራሴ ይዣት እመጣለሁ፣ ዓይንሽን ማየት ባፍርም። የነገው ጀልባ ግን ይህን ወረቀት እንጂ እሷን አያመጣም፤ አትቀየሚኝ።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሰሚሐን አቅፈሽ ሳሚያት። ወንድሜ ሙአዊያ መረቤን ጸሐይ ላይ እንዳይተወው። ስትደውይ ሱምያን "ረሳሽ ወይ?" አትበያት፤ "ስንት ጉንጉን ደረስሽ?" በያት።

ልጅሽ ሰላህ ኑርሑሴን
ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.