አባባ ስለ ባቡሩ የጠየቁት

በያለህበት ሰላም ይድረስህ፣ ወንድሜ ሙሀመድአወል።

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ወንድም ዓለም። ጤናህ እንደምን ነው? የጀርመን ብርድስ እንዴት አደረገህ? ያ ሳል ተወህ ወይ? «እኛ ደኅና ነን» ብዬ አልዋሽህም። ይህን የምታነበው ብቻህን ከሆነ፣ እባክህ ተነሥተህ አብሮህ ወደሚማረው ወደ ሀብተ ሥላሴ ሂድና አጠገቡ ተቀምጠህ አንብበው።

አባባ የሉም። ወባ ነው ስንል ጉበት ሆኖ ተገኘ፤ አልጋ ላይም ብዙ አልቆዩም። የሰፈራችን የሹም አቦ ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ቀበራቸው። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር መች አጣሁት? ሽማግሌ በማለዳ በርህን ሊያንኳኳ፣ ስትወድቅ የሚይዝህ ሊኖር ይገባ ነበር። ግን ማንን ልላክብህ!

ደብዳቤህ የደረሰን ከቀብሩ በኋላ ነው። «ባቡር ሳይገባ የዚያ አገር ሸማኔ ምን ይሠራ ነበር? ከገባስ ወዲህ የት ደረሰ?» ብለው አባባ በእኔ እጅ አስጽፈውልህ አልነበር? መልሱ መጣ፤ ጠያቂው የሉም። ለእማማ አነበብሁላት። ያለህበት ከተማ ዱሮ እንደ ዱርቤቴ ያለ የገበያ መንደር እንደ ነበር፣ ባቡሩ ጥጥና የድንጋይ ከሰል ማራገፍ ሲጀምር የፋብሪካው ጭስ ሰማዩን እንደ ሸፈነው፣ እርሻው የሠራተኛ ቤት እንደ ሆነ፣ ሸማኔዎቹም በደወል የሚገቡ በደወል የሚወጡ እንደ ሆኑ ጽፈሃል። «ልጆቻቸው የአባታቸውን ሥራ ረሱት» ያልኸው ላይ ስደርስ እማማ «በቃ ልጄ፣ ተይው» አለችኝ።

እኛስ ባቡር ባይኖረንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለን አይደል! የፋብሪካው ጣቃ በየሱቁ ከሞላ ወዲህ አባባ የሚሸምኑትን ጋቢ ብሎ የሚመጣ ከይፋግ ወገን ያለ ባላገር ብቻ ነበር። አንተም እዚያው ስትቀጠር አባባ እንዳኮረፉህ ታውቃለህ። ፋብሪካው ለትምህርት ወደ ጀርመን ሲልክህ ደግሞ ወሬያቸው ሁሉ አንተ ሆንህ፤ ሰለቸን እስክንል ድረስ! መጨረሻ የጀመሩት ጋቢ ላንተ ነበር። ድሩ እንደ ተወጠረ ነው፤ የሚጨርሰው ሰው አጣሁ።

አክስታችን ሐሊማ በዱዓ ታስብሃለች። ጎረቤታችን እትዬ እናትዓለም ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች፤ ለቅሶውን የራሷ አድርጋ ነው የሰነበተችው። እማማ ጉንጭህን ትስማለች።

እማማ ግን ይህን መርዶ መጻፌን አታውቅም። «እሱ ዘንድ እንኳ አባቱ ይኑሩለት» ብላ ከልክላኛለች። ደብዳቤህን ሳነብላት፣ «አባባ እንዴት ናቸው?» ያልኸው ላይ ፊቷ ፈታ ብሎ ድገሚልኝ አለችኝ። ስለዚህ አልቅስ፣ ይውጣልህ። መልስ ስትጽፍ ግን እንደ ወትሮህ «ለአባባ ሰላም በሉልኝ» በል። ጮክ ብዬ ነው የማነብላት።

እኅትህ መዲና ሙሀመድዘይን
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.