ገራም ያልኩት ፈረስ

ማክሰኞ
ተሸጠ። ሦስት ሳምንት ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ጠያቂ ያጣው ፈረሳችን ዛሬ ከግቢ ወጣ። ገዢው ከዳንግላ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ጋሼ ፈንታሁን። ራሳቸው አልመጡም፣ አማቻቸውን ላኩ። ጎህ ሲቀድ እየሳበ ወሰደው። መንገዱ ላይ አንድም ባጃጅ አልነበረም። ደስ አለኝ። በዚህ ደስ እንዳለኝ ለማንም አልናገርም፤ እዚህ ግን ልጻፈው።

ረቡዕ
ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ገራም፣ ለሴትም ለሽማግሌም የሚሆን።» ፎቶውንም እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ጓሮ ውስጥ፣ ጸጥ ሲል ጠብቄ። እውነቱ ይኸው፦ ፈረሱ የባጃጅ ጡሩምባ ሲሰማ ያብዳል። አምና እዚሁ እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ባለቤቴን አንዳርጌን አሽቀንጥሮ ጥሎት ትከሻው ተሰበረ። ቀኝ እጁን እስከ ዛሬ ከደረቱ በላይ አያነሳም። የሸጥነውም ለዚህ ነው።

ጋሼ ፈንታሁን በስልክ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ልጄ፣ ባለቤቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ጤና ጣቢያ የማደርሳት በእሱ ነው። ነውር አለው?»

«የለውም» አልኳቸው።

ሳላስብ አልነበረም። አስቤ ነው ያልኩት።

ሐሙስ
«እንደውልላቸውና እውነቱን እንንገራቸው» አልኩት አንዳርጌን። «የማይደነግጥ ፈረስ የት አለ? አይቶ መግዛት የገዢው ፋንታ ነው» አለ። «ሳያዩ የገዙት እኮ እኔን አምነው ነው» ስለው ምሳውን ትቶ ወጣ።

ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። አማቻቸው ጋ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ቅዳሜ ባለቤታቸው ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አላቸው፤ ራሳቸው ነግረውኛል። ጤና ጣቢያው ዳንግላ ከተማ መሃል ነው። ከተማው ሙሉ ባጃጅ ነው።

ዓርብ
የምሠራበትን ትምህርት ቤት የጽሕፈት ሥራ ለጓደኛዬ ሰጥቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳንግላ ሄድኩ። ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። መንደሩ ሲታየኝ አስቆምኩትና በእግሬ ቀጠልኩ። ሹፌሩ «ገና ነው እኮ፣ እህቴ» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው?

ጋሼ ፈንታሁን ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ተልጧል። ግራ እጃቸው በነጠላ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፈረሱ ከቤቱ ጎን ታስሮ ሣር ይበላል፣ ምንም እንዳላደረገ።

በአገውኛ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ማን እንደሆንኩ ከድምፄ ገባቸው።

«ትናንት ጠዋት ነው» አሉ። «እሷን ከማስቀመጤ በፊት ልሞክረው ብዬ ብቻዬን ወጣሁ፤ ባጃጅ ሲጮህበት ጣለኝ። እሷ ብትሆንስ ኖሮ?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ። ባለቤቴንም ጥሎታል።»

ወደ ፈረሱ ዞረው አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስልኬን የዘጋሁት ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ነው» አሉ። «አማቼ እኛም በቴሌግራም እንሽጠው ይለኛል። እያወቅሁ እንዴት አድርጌ ነው የምሸጠው?»

ባለቤታቸው በዱላ ተደግፈው ከውስጥ ወጡ። «እሷስ መጥታ ተናገረች» አሉ። ወደ እኔ ግን አላዩም።

ፈረሱን እንደምንወስድ ነገርኳቸው። ብራቸውንም ከተማ ስመለስ በስልኬ ላክሁላቸው።

ቅዳሜ
ስለ ጋሼ ግንባርና እጅ ለአንዳርጌ ነገርኩት። ተነስቶ ጃኬቱን አነሳ። «እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለ። «ፊታቸው መቆም ያለብሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

እሁድ
አንዳርጌ አስፋልቱን ትቶ ፈረሱን በውስጥ መንገድ እየሳበ ከሰዓት በኋላ ገባ። ውስጥ እግሩ ውኃ ቋጥሯል።

«ይቅር አሉን?»

«ምሳ አቀረቡልኝ፣ አሳደሩኝ። ይቅር ብያችኋለሁ ግን አላሉም።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

ሰኞ
አዲሱን ማስታወቂያ ለጠፍኩ። «ይህ ፈረስ ባጃጅ ይፈራል። ባለቤቴን ጥሏል፤ አንድ አባትንም ጥሎ አቁስሏል። ባለፈው ገራም ነው ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።» ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

ስድቡ ወዲያው መጣ። አንዷ «እስከ ዛሬ የሸጥሽው ሁሉ እንዲህ ነው?» ብላለች። ከዚህ በፊት ሁለት ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ሸጫለሁ። ደህና ነበሩ። ይህን ማን ያምነኛል አሁን?

ማክሰኞ
የደወለ የለም።

ረቡዕ
አንድ ሰው ደወሉ። ከጥርባ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት፤ ባጃጅ አይደርስበትም።

«የጻፍሽውን አነበብኩት። ሌላስ ነውር አለው?»

«የኋላ ግራ እግሩን ሲነኩት ይራገጣል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ወንዝ አይሻገርም።»

«እሁድ መጥቼ ራሴ አየዋለሁ» አሉ።

ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ሁሉንም ለአንዳርጌ ነገርኩት። ትከሻውን እያሻሸ ሰማኝ።

«የወንዙን ነገር እኔ ረስቼው ነበር» አለ። «እንኳን ነገርሻቸው።»