ሰኞ ሰኞ የሚስተካከለው ሰዓት

አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017

ይድረስ ለአባቴ፣ ሻሸመኔ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? የእህቴ የዋፊቃ ልጅ መነጽርዎን ሰብሮ ሳይቆጡት ቀሩ አሉ። ዕድለኛ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለዒድ ከመደወል ያለፈ ቃል አልወጣኝም፤ ዛሬ ግን እንደ እርስዎ ላለ ሰዓት ሠሪ ካልሆነ ለማን እንደምነግረው የማላውቀው ነገር ገጠመኝ።

ኮምፒውተሮቹን እየተቆጣጠርኩ የምሠራበት የጭነት ድርጅት ኦቦ መርዳሳ የሚባሉ አዛውንት ዘበኛ አሉት። ሲገቡና ሲወጡ ጣታቸውን ያስነካሉ፣ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይመዘግባል። አለቃዬ ጋሽ ዲበኩሉ መዝገቡን አይተው፣ ሰውዬው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እስከ ሃያ ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ ብለው ስንብታቸው እንዲጻፍ አዘዙ። ኦቦ መርዳሳ ሬዲዮው አሥራ ሁለት ሳይል ከበሩ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም ብለው ማሉ። እኔ በልቤ፣ ማሽን አይዋሽም አልኩ።

መዝገቡን ሳወጣው ግን ሰኞ ልክ በሰዓቱ ነው የሚወጡት። ማክሰኞ በአራት ደቂቃ ይቀድማሉ፣ እያለ እያለ ቅዳሜ በሃያ። መግቢያቸውንም አየሁት፤ በዚያው ልክ ቀድመው ይገባሉ። ያንን ማንም አላየላቸውም። ሰኞ ሰኞ ጭነት ስለሚበዛ እሳቸው ከመውጣታቸው በፊት ማልጄ ገብቼ፣ ስልኬን እያየሁ የዚያን ኮምፒውተር ሰዓት የማስተካክለው ደግሞ እኔ ነኝ። ትንሽ ይዘገያል ብዬ እንደ ግድግዳ ሰዓት ለምጄዋለሁ።

አባቴ፣ በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ አካል የሌላቸው አምስት ኮምፒውተሮች ይኖራሉ። የኦቦ መርዳሳን ጣት የሚመዘግበው ከእነሱ አንዱ ነው። እያንዳንዱ ብቻዬን ነኝ ብሎ ያምናል። ጊዜ የሚቆጥር ዕቃ ያለው ትልቁ ብቻ ነው፤ እነሱ ከእሱ ይለምናሉ። ሥራ ሲበዛበት ሳይመልስላቸው ያልፋል። ያመለጠቻቸውን ሰከንድ አልኖሩባትም፣ ማለፏንም አያውቁም። ሱብሐነላህ! ሁለት ቀን አፌን ከፍቼ ዋልኩ። የዘገየውን ራሱን ቢጠይቁት ልክ ነኝ ይላል፤ ስህተቱ የሚታየው ከውጭ ለቆመ ነው።

ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ሊኑክስ፣ ሲነሳ ቆጣሪ አጣሁ ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ አላነበብኩትም። የትልቁን ቆጣሪ በቀጥታ እንዳያዩ የዘጋሁባቸውም እኔው ነኝ፣ ስተክለው ሥራ ያቀልላል የሚል ምክር አይቼ። ከፈትኩት፣ ሦስት ቀን ጠበቅኩ፣ አንዲት ሰከንድ አልጎደለም። ጋሽ ዲበኩሉ ቢሮ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። የስንብቱ ወረቀት ተቀደደ። ኦቦ መርዳሳ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በኦሮምኛ ሲመርቁኝ አለቀስኩ።

ያለቀስኩት እርስዎን አስቤ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ የሄድኩ ዕለት መናኸሪያው በር ላይ በአንድ ሰዓት መጥቼ እሸኝሻለሁ አሉኝ። ጓደኛዬ አማል በሰጠችኝ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ጠብቄ፣ ሚኒባሱ ሲሞላ ሄድኩ። በኋላ ደውለው ልክ በአንድ ሰዓት ደርሻለሁ ቢሉኝ፣ ሰዓት ሠሪ ሆነው ሰዓት አያውቁም አልኩዎት።

ያንን ሰዓት ትናንት ከሻንጣዬ ሥር አወጣሁት። ሞልቼ ስልኬ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በድርጅታችን ሾፌር በመሐመድዘይን እጅ ልኬዋለሁ። ከመክፈትዎ በፊት አንድ ቀን እንዲሁ ይተዉት፣ ከዚያ ከእርስዎ ሰዓት ጋር ያስተያዩት። ስንት ደቂቃ ቀድሞ እንደሚሮጥ እኔ መጻፉ አሳፈረኝ።

አላህ ዓይንዎን ያብራልዎት፣ እጅዎን ያጽናልዎት። የሚመጣው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሻሸመኔ እገባለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ፣ በእርስዎ ሰዓት።

ልጅዎ