መብራቱ የጠፋበት መስቀለኛ መንገድ

ልጄ፣ የእናትሽ ምትክ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይስ አሁንም ከመጽሐፍ ጋር ታነጊያለሽ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፈላስፎቹ ለዓለም ሁሉ ያወጡትን የዘላቂ ሰላም ዕቅድ ስታጠኚ ጓደኞችሽ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ እንደሚስቁብሽ ጽፈሻል። «አባባ፣ እውነት ህልም ከሆነ ትቼው ልምጣ?» ብለሽኛል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል የቀረሁ የትራፊክ መብራት ጠጋኝ ምን አውቃለሁ? ልቤ ግን «ህልም ነው፣ ነይ በላት» አለኝ። ቤቱ ጭር ብሎበት ነው እንጂ እውነት መስሎት አይደለም። ይህን ስለማውቅ ብዕር ሳላነሳ ሰነበትሁ።

ማክሰኞ ከገበያው በታች ያለው መስቀለኛ መንገድ መብራቱ ጠፍቶ ተጠራሁ። አራቱም ወገን መሃል ላይ ተቆላልፎ ክላክሱ ጆሮ ይበጥሳል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ባለታክሲውን «ወደኋላ በል እንጂ፣ መንገዱን አባትህ ነው የሠራው?» ይለዋል። መሰላሌን ወጥቼ ሽቦውን ስፈትሽ ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። ቁልቁል ባይ፣ አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር ቆማ በእጇ «እለፉ» ትላለች። ከኋላዋ ያሉት «ሴትዮ፣ ተኛሽ እንዴ!» ብለው ጮኹባት። ያሳለፈችው ሰው ግን እጁን አነሳላት፤ ተከታዩ ደግሞ ቆመላት። ከዚያ ወዲያ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። አለቃ የለ፣ ዱላ የለ። ልጄ፣ ቤተ መቅደስ የገባሁ ያህል እዚያው መሰላል ላይ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

ተዋደው አይደለም፤ እያንዳንዱ ለመኪናው በር ሰግቶ ነው። ለካ ፈጣሪ በስስታችንም ይሠራል! ግን ያ ተሳዳቢ፣ ባለ ጭነት መኪናው፣ ምን ይፈራል? ከፊቱ ብረት ነው፤ ሁሉንም ጠራርጎ ቢያልፍ ጭረት አይነካውም። እሱም ለአንዲት ብስክሌት ቆመ። ቆሞም ጠበቀ። ለምን እንደሆነ ቀን ከሌት ባስብ አልገባኝም።

መብራቱ እንደበራ አንዱ ቀዩን ጥሶ ፈተለከ፤ ሳቄ መጣ። ጠግኜው ለዘላለም የቆየልኝ መብራት የለም፤ ምሰሶውን ንቀለው ያለኝም የለም። ዓለም ስንት መስቀለኛ መንገድ እንዳላት አላውቅምና ይቻላል ብዬ አልምልልሽም። አንዱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ አትምጪ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፤ ይጠብቅሽ። ያ ሰውዬ ለምን እንደቆመ ግን ፈልጊልኝ።

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ለማጥበብ የተውሽለትን ካፖርት ሳይጨርስልሽ አይቀርም። ያስታመመችሽን ነርሷን ጓደኛሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ አከራይሽን እማማንም እጅ ንሺልኝ።

አባትሽ
ከእናትሽ መስኮት ሥር፣ እሁድ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን